ድምፁ ጠፍቶ ሳለ

ኢንስፔክተር ፋና፣ መርካቶ ዱባይ ተራ ወደሚገኘው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ስትወጣ፣ ከሬሳው በፊት የተቀበላት የቴሌቪዥን ጩኸት ነበር። ሌሎቹ ሱቆች ተዘግተው ፎቁ ጭር ብሏል። በጥገና ክፍሉ ውስጥ ግን ዜና አንባቢው ሰሚ እንዳለው ሁሉ ያወራል። ጋሼ ከተማ፣ መርካቶ የጣለውን ቴሌቪዥን ሁሉ ሲያስነሱ የኖሩት ጠጋኝ፣ መሰላሉ ሥር በደረታቸው ተደፍተዋል። አጠገባቸው አንድ ከባድ ካርቶን ወድቋል።

«ይኼን ጩኸት ለምን አላጠፋችሁትም?»

«ምንም እንዳይነካ ብለሽ የለ?» አለ ሳጅን ስንታየሁ። «ሰውየው ጆሯቸው ይከብድ ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ እያስጮኹ ነው የሚሠሩት። ካርቶን ሊያወርዱ ወጥተው...»

«አልወጡም።» ፋና የመሰላሉን መወጣጫ በጣቷ ነካች። አቧራው ላይ የጣቷ ምልክት ብቻ ወጣ። ቁስሉ ከማጅራታቸው በላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሆዱ የተከፈተ ቴሌቪዥን አለ፤ ውስጡ በእሳት ጠቁሯል፣ ጀርባው ላይ ግን የአዲስ ዕቃ ልጣፍ ተለጥፎበታል።

ፋና ከመጣች ጀምሮ መረጋጋት አልሆነላትም። ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀችው የሐኪም ቤት ድራማ፣ ያ ወደ አማርኛ የተመለሰው የቱርክ ተከታታይ፣ አዲስ ክፍሉ የታየው ዛሬ ማታ ነበር። ተረኛ ስለሆነች አመለጣት። ድጋሚው ነገ እስኪመጣ ማንም ታሪኩን እንዳይነግራት ቆርጣለች። ይህን ለስንታየሁ አትነግረውም።

ምድር ቤት፣ ጋሽ ሐምዱ የቴሌቪዥን መሸጫ ውስጥ፣ ድራማውን አብረው ሲያዩ ያመሹት ሁሉ ታግደዋል። ዘበኛው የድረሱልኝ ጩኸት እንደሰማ የሕንፃውን በር ዘግቷል፤ ወጪም ገቢም የለም። የጋሼ ከተማ ረዳት ሙናዊር፣ ከእሳቸው ጋር ሲጣላ ተሰምቷልና ግድያ መሆኑ እንደታወቀ እጁ በካቴና ታስሯል። እህቱ ሱንዱስ፣ የሱቁ ሻጭ፣ ፋናን ስታይ ሮጣ መጣች።

«እህቴ፣ እባክሽ! ወንድሜ የፖሊስ መኪናው ላይ ከወጣ አለቀለት። ሌላ ሰው የሚፈልግ የለም።»

«ተረጋጊ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«መብራት አጥፍተን እንደ ሲኒማ ነው የምናየው። ጋሼ ከተማ ወርደው የሪሞት ባትሪ ወሰዱና ተመለሱ። ወዲያው የመግሪብ አዛን አለ። አዛን ሲል ጋሽ ሐምዱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ያጠፋሉ። ከመጋረጃው ኋላ ሰግደው እስኪወጡ ሪሞቱን የሚነካ የለም። ሙናዊር መስጊድ ሄደ። ጋሽ ሐምዱ ጨርሰው መብራቱንም ድምፁንም መለሱ፤ ሙናዊርም ወዲያው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም እንተያይ ነበር፣ ማንም አልወጣም። ድራማው ሲያልቅ ለጋሼ ከተማ ሻይ ይዤ ወጣሁ...»

«ድራማው መሀል ድምፅ ይጠፋል? ትችሉታላችሁ?»

«ዛሬማ ገደለን! ዶክተሩ ነርሷን ኮሪደር ላይ አቁሞ የሆነ ነገር ነገራት፤ እሷ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ! ምን እንዳላት...»

«በቃ፣ እሱን ተይው» አለች ፋና ቶሎ።

ግን አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ሴቶች ጀምረውታል።

«ላግባሽ ብሏት ነው!» አለች ጫማ ነጋዴዋ መቅደስ።

«ማግባት እንዲህ ያስለቅሳል?»

«ባልሽን አይቼ ነዋ!»

«ከሥራ አባርሯት ነው፣ ምን ያከራክራል?»

እነዚህ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ስለነበር አንዷ ለሌላዋ ትመሰክራለች። ከዓይን የተሰወሩት ሦስት ናቸው፤ የወጣው ሙናዊር፣ ከመጋረጃው ኋላ የነበሩት ጋሽ ሐምዱ፣ ከሁሉም ኋላ በሩ አጠገብ በጨለማ የተቀመጠው አስመጪው ይገረም።

ሙናዊር ቀና ብሎ አላያትም። «ተጣልተናል፣ አልዋሽም። ያ የተቃጠለው ቴሌቪዥን አማኑኤል አካባቢ ቤት አቃጥሏል፤ አንዲት እናት ቆስላለች። ውስጡ አሮጌ ነው፣ አዲስ ተብሎ የተሸጠ። ጋሼ ለፖሊስ እናገራለሁ አሉ። እኔ ተዉ፣ እንጀራችንን ያሳጡናል አልኳቸው።»

«ማን አስመጣው?»

«ጋሽ ይገረም። የሸጡት ጋሽ ሐምዱ ናቸው።»

«መስጊድ ያየህ ሰው አለ?»

«በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እኔን ማን ልብ ይለኛል?»

ጋሽ ሐምዱ አዝነው እንጂ ፈርተው አልነበረም። «እኔም ተታልዬ ነው የሸጥኩት፣ ልጄ። ሶላቴን ማን አየልህ ካልሽኝ፣ አላህ ነው ያየኝ።»

«እሱን ለምስክርነት መጥራት አንችልም» አለ ስንታየሁ አንገቱን ደፍቶ። ፋና በዓይኗ ዝም አሰኘችው።

ይገረም በመሐረብ ፊቱን ጠረገ። «እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ስልኬ እንኳ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሐምዱ ባንኮኒ ላይ ቻርጅ ላይ ነበር። ጠይቂው።»

ጋሽ ሐምዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነት ነው።

«ድራማውንስ ወደዱት?» ፋና የጠየቀችው ለወጉ ያህል ነበር።

«ኧረ ወንድ ሆኜ እንባዬ መጣ! ለእናቷ ኩላሊቱን የሰጠው እሱ ራሱ መሆኑን ሲነግራት፣ እንዴት ብላ እንደወደቀች...»

ፋና ጥርሷን ነከሰች። ስንት ሰው አፍ ዘግታ፣ ይኼ ሰውዬ! ተናዳ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ከደረጃው ሥር ስትደርስ ግን እግሯ ቆመ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሚጮኸው ቴሌቪዥን እዚህ አይሰማም። ስልኳን አወጣች።

«እማዬ፣ ዛሬ ዶክተሩ ነርሷን ኮሪደር ላይ ምን አላት?»

«አንቺ ሥራ ላይ አይደለሽም እንዴ? እንዳትነግሪኝ ብለሽ የለ?»

«ንገሪኝ እባክሽ።»

እናቷ እስከዚያ እንዴት እንደቻለችው እንጃ፣ ሳትተነፍስ ነገረቻት።

ፋና ተመልሳ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። «ዶክተሩ ነርሷን ምን አላት?»

ሱቁ በጩኸት ተናጋ። ላግባሽ፣ ሂጂ ከዚህ፣ እናትሽ ሞተች፤ ሁሉም የየራሱን አለ።

«ጋሽ ሐምዱ፣ እርስዎስ?»

«እኔ ምኑን አይቼው?»

«አቶ ይገረም?»

ይገረም መሐረቡን አጠፈ። «እኔም... ከየት አውቃለሁ?»

«ቅድም ግን ነግረውኛል። ኩላሊቱን ለእናቷ የሰጠው እሱ መሆኑን።»

«ኩላሊቱን?!» መቅደስ ከአግዳሚው ተነሳች። «የራሱን?!»

«የራሱን። እናቴ በቤቷ በድምፅ ያየችው ነው፣ ልክ ነው። እዚህ ሱቅ ውስጥ ግን ያን ንግግር የሰማ የለም፤ ቢሰማማ ኖሮ ይኼ ሁሉ ክርክር ባልኖረ። እናም አቶ ይገረም፣ ማን ነገረዎት?»

«ከ... ከከንፈሩ ገመትኩ።»

ሱንዱስ ናት ቀድማ የመለሰችው። «ጋሽ ይገረም! የሚያወራው በአማርኛ፣ ከንፈሩ የሚንቀሳቀሰው በቱርክኛ!»

«ስልክዎ ባንኮኒ ላይ ነበር፣ ራስዎ ነግረውኛል። በሩ ተዘግቷል፣ የገባም የወጣም የለም» አለች ፋና ዝግ ብላ። «ሌሎቹ ፎቆች ላይ ሁሉም ተዘግቷል። በዚህ ሕንፃ ድምፅ ያለው ቴሌቪዥን አንድ ብቻ ነበር፤ ጆሮ የሚከብዳቸው ሰው የሚያስጮኹት። አዛኑ ሲጀምር በጨለማው ወጡ። ያን ንግግር የሰሙት ጋሼ ከተማ ክፍል ውስጥ ቆመው ነው። መብራቱ ሳይመለስ ወንበርዎ ላይ ነበሩ።»

ይገረም ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ለፖሊስ እንዳይናገር ልለምነው ነው የወጣሁት» አለ። «እግሩ ላይ ልወድቅ ነበር። ‹ቆይ፣ ይኼን ልስማ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። እኔ እየጠፋሁ እሱ ድራማ! ጠረጴዛው ላይ መዶሻ ነበር...»

ስንታየሁ ካቴናውን ከሙናዊር ፈትቶ በይገረም እጅ ላይ አሰረው። ሱንዱስ ወንድሟን አንገቱን አቅፋ ስታለቅስ ሙናዊር ግን ያየው ወደ ደረጃው ነበር።

«በመጨረሻ የነገርኳቸው ዝም በሉ የሚል ነው» አለ። «ነገ አማኑኤል ሄጄ ለዚያች እናት እኔ እናገራለሁ። ለእናንተም።»

ከውጭ የዒሻ አዛን ተጀመረ። ጋሽ ሐምዱ ሪሞቱን ቢያነሱም የሚያጠፉት ድምፅ አልነበረም። ፋና ብቻዋን ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ የጋሼ ከተማ ሪሞት ከነአዲሱ ባትሪው ተቀምጧል። ለዚያ ድራማ ብለው ያስገቡት መሆን አለበት። አነሳችና ድምፁን አጠፋች።