ቀለሙ የለቀቀው ቱቦ

መሐሙድ ጠዋት ሞተ፤ ረፋዱ ላይ ነርሷ ዝናሽ ክሊኒኩ ውስጥ ተቆለፈባት። ቁልፉ ሳጅን በዛች ኪስ ውስጥ ነው፣ ከገብስ ቆሎ ጋር ተደባልቆ። ደጁ ላይ የሟች ዘመድ የመካነ ሰላም ከተማን ድንጋይ ለቅሞ ይጠብቃታል።

«አውጧት! መድኃኒት ያለውን ቱቦ ወግዲ ገበያ ወስዳ ቸብችባ፣ ባዶውን ለወንድማችን ከተተችለት!»

ዝናሽ፣ እስሩ ይቅርና፣ እስከ መንገዱ ድረስ እንኳ በሕይወት የምትደርስ አልመሰላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሐሙድ ከጣራ ወድቆ ሽንት እምቢ ሲለው ቱቦ ገባለት። ተራ ቱቦ አይደለም፤ ተመራማሪው ዶክተር አምባቸው የፕላስቲኩን ገጽ በኤሌክትሪክ አሻክሮ፣ ውስጥም ውጭም ጀርም የሚገድል ብርቱካንማ መድኃኒት አልብሶታል። ሰውየው ግን ከቀናት በኋላ ደሙ ተመርዞ አረፈ። ቱቦው ሲወጣ እንደ ወተት ነጭ!

በዛች ቁመቷ አጭር፣ ዓይኗ ግን ሩቅ የሚደርስ ሴት ናት። ዝናሽን፣ አምባቸውንና የሟችን እህት ፈርሂያን አንድ ክፍል አጎረቻቸው። ልትቀመጥ ስትል ፈርሂያ እያለቀሰች ከቦርሳዋ አልኮል አወጣችና ወንበሩን በነጭ ሻርፗ ጫፍ ጠረገችላት።

«ኧረ ተይው እህቴ፣ የኔ ሱሪ ከወንበሩ ይብሳል።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሪያድ እያለሁ ማዳሜ ነጭ ሶፍት ይዛ ከኋላዬ ትዞር ነበር። እድፍ ካገኘች እራት የለም።»

በዛች ቆሎዋን ቆረጠመች። «ዝናሽ፣ ስትከቺው ቀለሙን አላየሽም?»

«መብራት ጠፍቶ በሞባይል ብርሃን ነው የሠራሁት። እሽጉን ከፍቼ ትሪው ላይ እንዳስቀመጥኩት ምጥ መጣ ተብዬ ሮጥኩ። ተመልሼ አስገባሁት። በወላዲቷ፣ አልሸጥኩም!»

«ዶክተር፣ እርስዎስ? ወይ መቀባቱን ረስተውት ይሆን?»

«ምን ማለትሽ ነው? እሽጉ ሳይከፈት ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ብርቱካን ነበር!» አምባቸው ላብ አጠመቀው። ሥራው ሁሉ በዚያች ቱቦ ላይ ተንጠልጥሏል።

በዛች ምላጭ አወጣችና ነጩን ቱቦ ለሁለት ሰነጠቀችው። ውስጡ ብርቱካን!

«ያው ቱቦ ነው» አለች። «አልተለወጠም፣ አልተሸጠም። ላዩን ነው የተገፈፈው። ዶክተር፣ ውሃ ያስለቅቀዋል?»

«በፍጹም።»

«አልኮልስ?»

«አልኮል... ያሟሟዋል።»

ክፍሉ ጠበበ። በዛች ወደ ፈርሂያ ዞረች። «የኔ እህት፣ ሻርፕሽ ጫፍ ላይ ያለው ብርቱካንማ እድፍ ምንድን ነው?»

«ሂናዬ ነዋ! ነክቶብኝ በሳሙና ባጥበው ባጥበው እምቢ አለኝ።»

በዛች የፈርሂያን ሂና የሞቀ መዳፍ በአልኮል ጥጥ አሸችው። ጥጡ ነጭ። ሌላ ጥጥ አርሳ የሻርፑን ጫፍ አሸችው። ጥጡ ብርቱካን ሆነ። ከተሰነጠቀው ቱቦ ጎን አስቀመጠችው፤ አንድ ዓይነት ቀለም።

«እጅሽ ሂና ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሻርፕሽ ግን የወንድምሽን መድኃኒት ይዞታል።»

«ያ ረቢ!» ፈርሂያ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። «ዝገት መስሎኝ! ለወንድሜ የዛገ ነገር ሊከቱበት ነው ብዬ፣ ነርሷ ሳትመጣ ወልውዬ... ፈትጌ ፈትጌ አነጣሁት። ወላሂ፣ ደስ ብሎኝ ነበር!»

ዝናሽ ነጻ ወጣች። ግን ደስታ የሚባለው ዝር አላለም።

ደጁ ላይ ጩኸቱ ባሰ። «ገዳይዋን አውጡ!»

በዛች ቁልፉን ከቆሎው ውስጥ ፈልጋ በሩን ከፈተች። «ምን ልበላቸው?»

«እኔ ነኝ የምነግራቸው» አለች ዝናሽ። «ትሪውን ክፍት ትቼ ሄጃለሁ፤ በጭለማም ሳላይ አስገብቻለሁ። እሷን ብቻዋን አልሰጣቸውም።» ፈርሂያን ብብቷ ስር ገብታ አነሳቻት። «ከኋላዬ ሁኚ።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ፈርሂያ እንደ ልማዷ አልኮሏን አወጣች፣ እጀታውን ልትጠርግ። እጇ አየር ላይ ቀረ። ጠርሙሱ ወደቀ፤ ተንከባሎ ድንጋይ የያዙት ሰዎች እግር ስር ሄዶ ቆመ።