ጎኑ የገባው ሃይላንድ

«እህቴ፣ እግዜር ያጥናሽ። ሐዘኑ የሁላችንም ነው» አሉ አቶ ዱባለ፣ የሴትዮዋን ሁለት እጆች በሁለት እጃቸው ጭብጥ አድርገው።

ሴትዮዋ እጇን ለማስለቀቅ አልቸኮለችም። ጥቁር ሻሽ ያሰረችው ለዝናቡ ነው፤ ቀሚሷን ጭቃ የነካውም ከወልቂጤ ቡታጅራ የሚያመጣው መንገድ ማንንም ስለማይምር ነው። አቶ ዱባለ ግን ሻሹንና ጭቃውን ደምረው፣ የሟቹ የመምህር ተካ እህት ከጉንችሬ ደረሰች ብለው ወስነዋል። እሳቸው አንዴ ከወሰኑ ደግሞ ሰፈራችን ያውቃቸዋል፤ የበርበሬን ዋጋ እንኳ ከገበያው ቀድመው ነው የሚወስኑት።

«አይዞሽ፣ ሳይበርደው ነው የሄደው» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ጋቢውን በዚህ በእጄ ነው እስከ አንገቱ ያለበስኩት። ያቺ ሴትዮ ምን እንዳበላችው እንጃ እንጂ፣ የሞተ ሰው እንኳ አይመስልም ነበር። ከንፈሩ ቀይ፣ እንደ ሙሽራ።»

«እርስዎ ነዎት ያለበሱት?»

«እኔ ነኝ እንጂ፤ እዚህ ማን አለውና?»

ይኼኔ ሃምሳ አለቃ ምንተስኖት ከጓሮ እየሮጠ መጥቶ ሰላምታ ሰጠና «ኢንስፔክተር፣ በዚህ ዝናብ የቀሩ መስሎን ነበር» አለ። የአቶ ዱባለ እጆች አየር ላይ ቀሩ።

«እህቱ አይደሉም?»

«አይደለሁም ጋሼ» አለች ኢንስፔክተር ሰፍያ። «ስላጽናኑኝ ግን አላህ ይስጥልኝ።»

ወሩ ኅዳር ነው፤ ዓመቱ ዘጠና አራት። ዝናቡ ያለ ወሩ መጥቶ ከማረቆ የተጫነውን በርበሬ ሁሉ ያበሰበሰበት ኅዳር። መምህር ተካ ከከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር፤ የሚኖረው በበርበሬ ነጋዴው በአቶ ዱባለ ግቢ ውስጥ ነው። በዚያው ግቢ የፊዚክስ አስተማሪው ራምዚም ተከራይቷል። ወይዘሮ አሰፋሽ ደግሞ ከአጥሩ በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ቤት ሆና አስተማሪዎቹን በወር ትቀልባለች። ትናንት ጠዋት ተካ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። የመጨረሻ ራቱ ከአሰፋሽ እጅ ስለነበር ሰፈሩ ከፖሊስ ቀድሞ ፈረደና ሴትዮዋ ታሰረች። ከሬሳው የተወሰደው ናሙና አዲስ አበባ ሄዷል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። እስከዚያ ግን አሰፋሽ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ቀርባ ወደ ወልቂጤ ማረሚያ ቤት መላኳ ነው። ሰፍያ የተጠራችው ከዚያ በፊት ነገሩን እንድትቋጨው ነበር። ሰው መርዛለች የተባለች ምግብ ሻጭ ወልቂጤ ደርሳ ብትመለስ፣ በነጻ ብትለቀቅም እንኳ፣ ከእጇ የሚጎርስ እንደማታገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ከፈረዱባት የመጀመሪያዎቹ እኛው ነበርን።

የተካ ክፍል ከውጭው አይሻልም ነበር። ቆርቆሮው ያፈሳል፣ ነፋሱ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። አልጋ፣ ወንበር፣ የተማሪዎች የፈተና ወረቀት፤ ሌላ ነገር የለም። ሰፍያ እሳት የነካው ዕቃ ፈልጋ አጣች። ከአልጋው ሥር አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀምጧል። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል፤ ጎኖቹ ግን ጥርሱ እንዳለቀ ሽማግሌ ጉንጭ ወደ ውስጥ ገብተዋል።

«መርዙ በዚህ ነው የተጠጣው ብለን ይዘነዋል» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ማን ረገጠው?»

«ማንም። ስናገኘው እንዲሁ ነው።»

ሰፍያ በመሐረብ አንስታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። የመረገጥም የመጨበጥም ምልክት የለበትም። ሬሳውን ማን እንዳገኘ ስትጠይቅ፣ አቶ ዱባለ በመስኮት አይተው እንደጮኹ፣ በሩን የከፈተው ራሱ ሃምሳ አለቃው እንደሆነና ከእሱ በፊት ማንም እንዳልገባ ነገራት። አቶ ዱባለም ቃላቸውን የሰጡት እንዲሁ ብለው ነው፤ ደፉን አልረገጥኩም ብለዋል።

ከዚያ ወደ ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሙ ቁጥብ ሰው ነው። መርዝ ነው አይደለም ለማለት መሣሪያ እንደሌለው ተናገረ። የሁለቱም እጆች የጣት አንጓ ተልጧል። የከንፈሩንና የጥፍሩን ቅላትም አስተውሏል፤ እንዲህ ያለ ቅላት ከዚህ በፊት ቢያይም፣ ለዚያ ምክንያት የሚሆን ነገር ክፍሉ ውስጥ የለም ስላሉት አልጻፈውም።

«እጁ ሰው መትቶ ነው የተላጠው?» አለችው።

«ወይ ሰው፣ ወይ መልሶ የማይመታ ነገር» አለ ሐኪሙ።

ሃምሳ አለቃ ምንተስኖት ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። ተካ በሞተበት ዋዜማ እሱና ራምዚ በመምህራን ማረፊያ ውስጥ ተያይዘው ነበር፤ ሰው ነው የገላገላቸው። እንግዲህ ተጠርጣሪው ሁለት ሆነለት፤ አንዷ በምግብ፣ አንዱ በቡጢ።

አሰፋሽን ያገኘቻት ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ነው። ሰፍያ ምን እንዳበላችው ጠየቀቻት።

«ሽሮ። እኔም ከዚያው ድስት በልቻለሁ» አለች አሰፋሽ። «ስላልሞትኩ ነው መሰለኝ ያሰሩኝ።»

«ከዚያስ እትዬ?»

«ከዚያማ ውሃ በሃይላንድ ሞላሁለት። ፈተና አርማለሁ ብሎ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ወደ ክፍሉ ይሁን ወደ ሌላ አላየሁም፤ ዝናቡ ጋረደኝ። ልጄ፣ እኔ የማውቀው ማብላት ነው። ነገ ከዚህ ከወሰዱኝ፣ እውነቱ ቢወጣስ ማን ሊሰማው ነው?»

ራምዚ ትምህርት ቤት ነበር፤ ባዶው የተካ መማሪያ ክፍል ውስጥ ቆሞ ጥቁር ሰሌዳውን ያያል። ሰሌዳው ላይ ሁለት ጠርሙስ ተስሏል። በአንደኛው አፍ ላይ የታሰረው ፊኛ ተነፍቷል፣ በሌላኛው ላይ ተኮማትሯል። ሰፍያ እጆቹን አየች፤ ጭረት የለባቸውም።

«የተጣላችሁት በምንድን ነው መምህር?»

«በዚህ» አለና ሰሌዳውን አመለከታት። «የጋዝ ሕግ በሁለታችንም መጽሐፍ ውስጥ አለ። ፊዚክስ ነው ስለው፣ ኬሚስትሪ ነው አለኝ። ተማሪዎቹን ቀድሞኝ በሙከራ አሳያቸው።» ድምፁ ተሰበረ። «ኢንስፔክተር፣ በአየር ተጣልቶ ሰው የሚገድል ያለ ይመስልዎታል?»

ሰፍያ ግን ተማሪው ብትሆን ኖሮ እንዴት ያስረዳት እንደነበር ጠየቀችው። ራምዚ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ኋላ ግን ማስተማር ልማድ ነውና ጠመኔ አነሳ። ጠርሙሱ ፈልቶ በወረደ ውሃ ውስጥ ሲቆም በውስጡ ያለው አየር ይሞቃል፤ ሲሞቅ ቦታው አይበቃውም፤ ወደ ፊኛው ሄዶ ይነፋዋል። በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ሲቆም ይቀዘቅዛል፣ ይሰበሰባል፣ ፊኛውም ይሟሽሻል። አየሩ ያው ነው፤ የሚለወጠው የሚይዘው ቦታ ነው።

«በፊኛው ፈንታ ክዳን ብናደርግበትስ?» አለችው።

ራምዚ ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ በዝግታ ሳለላት።

ከትምህርት ቤቱ ወጥታ በገበያው በኩል አለፈች። በርበሬ ሻጮቹ የሻገተ ክምር ፊት ተቀምጠው ዝናቡን ይራገማሉ። ሲነቀንቁት ፍሬው የሚንሿሿ ደረቅ በርበሬ ያለው በአንድ መደብ ላይ ብቻ ነው፤ የአቶ ዱባለ። የጎረቤቱ ሻጭ ይህን ከመልአክ ጋር አያይዞ ነገራት፤ እሷ ግን መልአኩ የት እንደሚያሰጣ ማየት ፈለገች።

አቶ ዱባለ መጋዘናቸውን ከፈቱላት፤ በሩ ከውጭ በቁልፍ የሚቆለፍ ጣውላ ነው። አንዷ መስኮት በማዳበሪያ ጆንያ ተወትፋለች። ለአይጥ ነው አሉ። ወለሉ በሙሉ በበርበሬ ብናኝ ቀልቷል፤ መሐሉ ላይ ግን ምጣድ የሚያህል ቦታ ተጠርጎ ጸድቷል። ሰፍያ በሩን መለስ አድርጋ በውስጥ በኩል ጣውላውን በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ አመስግናቸው ወጣች።

በማግስቱ፣ አሰፋሽን የሚወስደው መኪና በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ሁሉንም እዚያው ተካ ያስተምርበት በነበረው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አሰፋሽ፣ ራምዚና አቶ ዱባለ የተማሪ ዴስክ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አቶ ዱባለ ከወገባቸው ሰፋ ስለሚሉ ወደ ጎን ነው የተቀመጡት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ማንቆርቆሪያ ፍል ውሃ፣ አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃና አንድ ባዶ ሃይላንድ አለ።

ራምዚ ትንሽ ፍል ውሃ ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሮ አንገላታውና ደፋው፤ ወዲያው ክዳኑን አጠበቀ። ከዚያ ባልዲው ውስጥ ነከረው። ጠርሙሱ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ሲያወጣው ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሰፍያ የሟቹን ጠርሙስ ከመሐረቧ ፈትታ አጠገቡ አቆመችው። ሁለቱ መንታ ይመስሉ ነበር።

«መምህር ተካ ውሃውን ጠጥቶ ክዳኑን የዘጋው በጣም በሚሞቅ ቦታ ነው» አለች። «ጠርሙሱ ጎኑ የገባው ወደ ብርዱ ከወጣ በኋላ ነው። ክፍሉ ግን ይበርዳል፤ ምድጃ የለውም። ስለዚህ ያን ማታ የቆየው ሌላ ቦታ ነው፤ ወደ አልጋው የመጣውም ተይዞ ነው።»

«መርዙስ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«መርዙ ከድስት አልወጣም። ትናንት ማታ ሐኪሙን በሌላ መንገድ ጠየቅሁት። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ የገደለው ሰው ከንፈሩ እንዲያ ይቀላል አለኝ። አልጋው አጠገብ ከሰል ስላልነበረ ነው ዝም ያለው።» ወደ ነጋዴው ዞረች። «ጋሼ ዱባለ፣ ቡታጅራ ሙሉ በርበሬው ሲሻግት የእርስዎ ደርቋል። ፀሐይ አልነበረም። መስኮቱ ተወትፏል፣ የከሰሉ ቦታ ተጠርጓል። የበሩ ጣውላ በውስጥ በኩል ደም አለበት፤ ሰው በቡጢ የደበደበው በር ነው።»

«ብርድ መታኝ ሲል እዛ ተቀመጥ ብዬው ይሆናል» አሉ አቶ ዱባለ። «አልጋው ላይ ሲሞት እኔ ምን አውቃለሁ? ክፍሉ አልገባሁም።»

«ለፖሊስ ያሉት እንዲያ ነው። ለእህቱ ግን ጋቢውን በእጄ አለበስኩት ብለዋል።»

አቶ ዱባለ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፤ ላባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ከዚያ ነገሩን አንድ በአንድ አወጡት። ተካ እየሞቀው ወረቀቱን ሊያርም፣ በዚያውም ከሰሉን ሊጠብቅላቸው ተስማምተው ነበር። ገበያ ሲቃረብ ሌባ ይበዛል ብለው ከውጭ ቆለፉበት። ሲነጋ ሞቶ አገኙት፤ በጋቢ ጠቅልለው፣ ወረቀቱንና ጠርሙሱን ይዘው ከክፍሉ አስገቡት። ሰው አሰፋሽን ሲጠረጥር ዝም አሉ።

«በሩን ሲደበድብስ?» አለች ሰፍያ።



«ሰምቻለሁ» አሉ አቶ ዱባለ። «ከከፈትኩት ሙቀቱ ይወጣል፣ በርበሬው እርጥበት ይስባል አልኩ። ትንሽ ቢታገሥ ይነጋል ብዬ ነው።»

ራምዚ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ። ሃምሳ አለቃ ምንተስኖት ወደ ውጭ ወጥቶ ሾፌሩን ሞተሩን እንዲያጠፋ ነገረው። ከዚያ ተመልሶ አሰፋሽን መሄድ እንደምትችል ሲነግራት፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፤ በአቶ ዱባለ ዴስክ አጠገብ ስትደርስም ቆም አለች።

«እንኳን ደረቀልዎት፣ ጋሼ» አለቻቸው።