አልካደም ቡልቻ

ጥር ፮ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ በኮልፌ ከወንዙ ማዶ ባለች የጭቃ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ምእመናን መስኮቱን ዘግተው ቆመው ነበር፤ በዚያ ዘመን ጴንጤ ሆኖ ለጸሎት መሰብሰብ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ያሳስር ነበርና። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሰብሪያ፣ እርሷ ሙስሊም ብትሆንም፣ ደጃፉ ላይ ስንዴ እየለቀመች መንገዱን ትጠብቅላቸዋለች።

የተሰበሰቡት የዘመነችን ልጅ ለጌታ ሊያቀርቡና ስም ሊያወጡለት ነው። አባቱ አናጢው ቡልቻ በነሐሴ ከሌሎች ምእመናን ጋር ከጸሎት ላይ ተይዞ፣ «ማኅበሩን ክጃለሁ» የሚል ወረቀት ላይ እንዲፈርም ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስቴም እምቢ ብሎ፣ በጥቅምት እዚያው እስር ቤት በተስቦ ሞተ፤ ልጁም እርሱ በተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት ተወለደ።

«አልካደም ይባል» አለች ዘመነች።

የጸሎቱ መሪ አቶ ዳኛቸው ስም ከሚጽፉበት ወረቀት ላይ ብዕራቸውን አነሡ።

«አልክድም ቢባልስ፣ ልጄ? የሁለት ፊደል ነገር ነው። የልጁ የራሱ ቃል ይሆናል፤ ለነገው ስንቅ ነው።»

ሰብሪያ ከደጅ ሰማች።

«ሁለቱም የጣቢያ ቃል እንጂ ስም አይደሉም! ከጨዋታ ስትጠሪው ሃምሳ አለቃው ‹ማነው ያልካደው?› እያለ ይመጣልሻል።»

ሁሉም ሳቁ፤ አቶ ዳኛቸው ግን አልሳቁም።

«ፖሊሱን ፈርተው ነው፣ ጋሼ?» አለች ዘመነች።

«እሱንስ ለመድኩት። ቡልቻ አልካደም ስትዪ፣ ታዲያ ማን ካደ? እኔ ፈርሜ ነው የወጣሁት። ይህን ልጅ በጠራሁት ቁጥር ራሴን ልክሰስ?»

ከዘጠኙ አራቱ የፈረሙ ነበሩ። ለዘመነች የቡልቻን ሬሳ ተሸክመው ያመጡላት፣ በአራስ ቤቷ ገንፎ ያገነፉላት እነዚሁ ናቸው፤ ቢቀየሙአት ከሰብሪያ በቀር ማንም የላትም። ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«እርስዎን አልወቅስም፤ አምስት ልጅ አለብዎት። ‹አልክድም›ን ግን ማንም ይለዋል፤ ነሐሴ ላይ መኪናው ላይ ሲጭኗችሁ እርስዎም ጮኸው ብለውት ነበር። የቡልቻ ግን ተፈትኖ ያለቀ ነው፤ ያለቀውን ገና ነው ብዬ አላስጽፍም። ካልጻፉልኝ እኔው በከሰል ግድግዳው ላይ እጽፈዋለሁ፤ ሌላ ባልማር ‹ካ›ን ከ‹ክ›፣ ‹ደ›ን ከ‹ድ› እለያለሁ።»

አቶ ዳኛቸው ጻፉ፤ ሁለቱን ፊደሎች አጥርተው ጻፏቸው። ልጁንም ተቀብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አልካደም ቡልቻ!» አሉ።

«ቀስ በሉ እንጂ፣ ጣቢያው ድረስ ተሰማ!» አለች ሰብሪያ።

እርሳቸው ግን ደገሙት።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች የታሰሩትን ቁጥር ጻፉ፤ የፈረመውን ካልፈረመው አልለዩም። ልጁ በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲገባ መዝጋቢው «አልክድም» ብሎ ጻፈው፤ ዘመነች በመንገዷ አየር ጤና ሰፈር ከደረሰች በኋላ የምዝገባ ወረቀቱን አይታ በእግሯ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰችና አሳረመችው። በመዝገቡ ላይ «ክ» እና «ድ» ተሰርዘው ከላያቸው «ካ» እና «ደ» ተጽፈዋል።