ከጽዳቱ በኋላ የተገኘው አቃፊ

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሰባት ሰዓት ላይ ምሳቸውን በልተው፣ እንደ ልማዳቸው ቢሮአቸውን ከውስጥ ቆልፈው ጋደም እንዳሉ አልተነሡም። በሩ ተሰብሮ ሲገባ ውሃ የጠጡበት ብርጭቆ ምንጣፉ ላይ ተንከባሏል፤ ኮምፒውተራቸው ላይ «በቃኝ፤ በገዛ እጄ ነው» የሚል ጽሑፍ ተከፍቷል። ብርጭቆው ውስጥ መርዝ ተገኘ።

በአምስተኛው ቀን መርማሪዋ የኮምፒውተር ጠጋኙን እዚያው ቢሮ አስጠራችው። ሟች በሞቱበት ዕለት ጠዋት ማሽኑን የነካካው እሱ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ሙያውን በጣቱ የተማረ ሰው ነው። የሟች የእህት ልጅ፣ ባለ ዲፕሎማው ሥራ አስኪያጅ፣ አራት ዓመት ሙሉ «ጠራጊው» እያለ ሲጠራው ኖሯል። ጠጋኙ አንዷንም ቀን አልረሳም።

«ጽሑፉን አዘጋጅቶ የሄደው እሱ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እኔ ጠዋቱን ሙሉ ወረቀት ልገዛ ወጥቼ ነበር።»

«ውሰዱልኝ!» አሉ የሟች ሚስት። ያን ዕለት ጠጋኙ ማሽኑን ሲያጸዳ አጠገቡ ቁጭ ብለው ሲያጫውቱት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ለጠጋኙ እስር ቤቱ ታየው።

ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ማንም ሳይነካው፣ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«ይኸው!» የቢሮው ጸሐፊ ጮኸች። «በየቀኑ በዚህ ሰዓት! ጋሼ ናቸው፣ ከእንቅልፋቸው ሊነሡ ነው!»

የማሽኑ ማራገቢያ ብቻ እንደ ተኛ ሰው ይተነፍሳል።

«ወንድሜ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለች መርማሪዋ።

ጠጋኙ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። «ፕሮግራም ከማሽን ላይ ሲነሣ ጠቅልሎ አይሄድም፤ ኮተቱ ይቀራል። በዚህ ሰዓት ተነሥ የተባለበት ትእዛዝም ይቀራል። ሰዓቱ ሲደርስ የሌለውን ይጣራል፣ ሲያጣው ዝም ይላል።»

«የምን ፕሮግራም?»

ተቀምጦ ፈለገ። «ኮምፒውተርን ከሌላ ክፍል ሆኖ የሚያዝ። እዚያ ሲጽፉ እዚህ ይጻፋል። ፋይሎቹ የነበሩበት አቃፊ፣ ፎልደሩ፣ ቀርቷል።»

«የቆየ ቢሆንስ?»

«አይሆንም።» ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። ድሮ አንድ ደንበኛ «ፎቶዬን አጠፋህ» ብሎ ሰው ፊት ካዋረደው ወዲህ፣ ያነሣውንና የተወውን በእጁ ጽፎ ሳያስፈርም አይወጣም። «ጋሼ አምስት ሰዓት ላይ ፈርመውልኛል። ሠላሳ አንድ ኮተት ጥያለሁ። ይሄ ከተነሡትም ከቀሩትም ውስጥ የለም።»

መርማሪዋ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። ከዚያ ሁሉንም አስቀመጠቻቸው።

«ሐኪሙ እንዳለው ሟች ከስምንት ሰዓት በፊት ሕይወታቸው አልፏል። ጽሑፉ የተጻፈው ስምንት ከአሥር ላይ ነው። ያኔ በሩ ገና ከውስጥ እንደተቆለፈ ነበር። ስለዚህ የጻፈው ሰው እዚህ አልነበረም። ጽሑፉ ቀድሞ ቢዘጋጅ ሰዓቱ የጠዋት ይሆን ነበር። ገዳዩ ውሃው ውስጥ መርዝ ጨምሮ ፕሮግራሙን የጫነው ከጽዳቱ በኋላ ነው፤ ጽፎ ሲጨርስ ፕሮግራሙን አነሣው። ትራፊው በዚያ ሁሉ ኮተት መሀል ይሰወራል ብሎ ተማምኗል። መጽዳቱን ያላወቀ ሰው ነው እንዲህ የሚያስበው። ጸሐፊዋ በሩን ለጠጋኙ ከፍታለታለች፤ ሚስታቸው አጠገቡ ነበሩ፤ ሁለቱም መጽዳቱን ያውቃሉ።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ።

«ጋሼ ሰኞ የእሱን ሥራ ለእኔ ሊያስረክቡ ነበር» አለች ጸሐፊዋ። «ለእሱም ነግረውታል።»

«ወሬ ነው! ማስረጃ የታለ?»

«አቃፊው ውስጥ» አለ ጠጋኙ። «ይሄን ማሽን ያዘዘው ኮምፒውተር ስሙን ትቷል። ያንተው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ። በሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶች እጁን ሲይዙት ወደ ጠጋኙ ዞረ።

«ማሽኑን ማጽዳትህን በምን ልወቅ?»

«ያን ዕለት ጨርሼ ስወጣ በረንዳው ላይ ተገናኝተን ነበር። ምን ሠርተህ ወጣህ ብትለኝ እነግርህ ነበር» አለ ጠጋኙ። «ሰላምታዬን እንኳን ሳትመልስ አለፍከኝ።»