የአስተርጓሚው ሽምግልና

ጠይብ ረሂማን ያወቃት ሸማ ተራ፣ የእናቱን ነጠላ ሊያስቋጭ የሄደ ቀን ነው። አቀርቅራ ጫፉን እየቋጨች ክሩን በአረብኛ ስትቆጥር ሰማት።

«ሰባትን ዘለልሽው» አላት በዚያው ቋንቋ።

ቀና ብላ አየችው። «ቆመህ ስታየኝ ነዋ!» አለችው፣ በአማርኛ።

ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። በሽሽቱ ተለያይተው እናቷ ጁባ ቀርተዋል። ጠይብ የሰባተኛ ሰፈር ነጋዴ ልጅ ቢሆንም የሚተዳደረው በአስተርጓሚነት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያስቋጨው ነገር ባይኖርም ሸማ ተራ አይጠፋም ነበር።

በዚያው ክረምት የጎረቤት አገሮች መንግሥታት ስለ ስደተኞች ለመደራደር አዲስ አበባ ተቀመጡ። ጠይብ የሰማውን ላያወጣ ፈርሞ ከኢትዮጵያ ልዑካን ጋር ገባ።

«ስለ እኛ ምን አሉ?» ትለዋለች ረሂማ፣ ከስብሰባ ሲመጣ።

«መናገር አልችልም።»

«መጥፎ ነው?»

አጠገቧ ያለውን ነጠላ ያጣጥፋል። እሷም ፊቱን አይታ አይታ ወደ ክሯ ትመለሳለች።

በስድስተኛው ቀን አንድ አንቀጽ ተረጎመ፦ የተበታተኑ ቤተሰቦች አንድ አገር ይሰባሰባሉ፤ የመመዝገቢያው ጊዜ ሃያ ቀን ብቻ ነው። ድምፁ አልተለወጠም። ውሃ ተጎነጨና ቀጠለ።

ረሂማ ስምምነቱን የሰማችው ከሱቁ ሬዲዮ ነው።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

«አውቅ ነበር።»

«አፍህስ ይሁን፣ ፈርመሃል። ዓይንህ እንኳ ምንም አይለኝም?»

እንድትቀር ሊለምናት ፈልጎ ነበር። ግን እናቷ ታመዋል። እናቷ ዘንድ ጁባ ለመሄድ ተመዘገበች። «አትሸኘኝ» አለችው፤ አልሸኛትም።

ከሁለት ወር በኋላ ስልኩ ጠራ። «ማኩረፍ ሰለቸኝ» አለች ከጁባ። ከዚያ በየቀኑ ይደዋወሉ ጀመር።

ሁለተኛው ዙር ድርድር ጁባ ሆነ። የልዑካኑ መሪ፣ ሽበታሙ አምባሳደር ኪዳነ ማርያም፣ የጠይብን ጉዳይ አውሮፕላን ላይ ሰሙ።

«ሽማግሌ ልከሃል?»

«አባቴ ፈቅደዋል። ጁባ ድረስ የሚሄድልኝ ሽማግሌ ግን አላገኘሁም።»

«እኔ ምን ሆኜ?» አሉ።

ስብሰባው ባበቃ ማግስት ረሂማ ቤት ሄዱ። እናቷ ድነው ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። አምባሳደሩ አረብኛ አያውቁም፤ እናትየው አማርኛ አይሰሙም። ጠይብ የራሱን ሽምግልና ሊተረጉም ተቀመጠ።

«ይህ ልጅ ታማኝ ነው» አሉ አምባሳደሩ። «ሚስጥር አያወጣም፤ በዚህ ተጎድቷል፣ አይቻለሁ። ልጅዎን ይወዳታል። ስለ እሷ ሲያወራ አውሮፕላኑ መቼ እንዳረፈ አላወቀም። ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

ጠይብ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጅዎን ለጋብቻ ይጠይቃሉ» አለ በአረብኛ።

እናትየው ግራ ተጋቡ። «ይህን ሁሉ ተናግረው ይኸው ብቻ ነው?»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ተሰማ። ረሂማ ወጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። «የቀረውን እኔ ልንገርሽ፣ እማዬ» አለችና ከመጀመሪያው አንስታ ተረጎመች። «በዚህ ተጎድቷል» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ጠይብን አየችው። እሱ አቀርቅሯል።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት እናቷ።

ረሂማ በአረብኛ መለሰች።

«ምን አለች?» አሉ አምባሳደሩ ወደ ጠይብ ዞረው።

ጠይብ አፉን ከፈተ። ቃል አልወጣውም።

«እሺ ነው ያልኩት፣ ጋሼ» አለች ረሂማ።