የዋቲ ዱላ እጀታ

የምነግራችሁ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው። አለማመን መብታችሁ ነው... እኔ ግን አልረሳውም።

እ.ኤ.አ. በ1917፣ ግንቦት ወር፣ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ፀሐይ ወለል ብላለች።

ቤታችን ስኮትላንድ ውስጥ፣ ባሕሩ ዳር፣ ከጎልፍ ሜዳው ጥግ ነው።

ባሌ ዋቲ ጎልፍን እንጀራቸው ካደረጉት አንዱ ነበር። ጌቶችን ያስተምራል፣ ዱላ ይሠራል፣ ይወዳደራል። ሁለት ዋንጫ አምጥቷል። የጎልፍ ክበቡን ሳሎን ግን አንድም ቀን አልረገጠም። ተቀጣሪ አይገባም።

በሚያዝያ፣ ለጦርነት በዘመተበት ፈረንሳይ ውስጥ መድፍ ገደለው። የሚቀበር ነገር አልተገኘም።

ያን ቅዳሜ የክበቡ ጸሐፊ ሚስተር ኦግልቪ መጣ። ዋቲን "ዝመት፣ የክበባችንን ስም አስጠራ" ብሎ የሸኘው እሱ ነው።

"ዱላውን ሳሎናችን ውስጥ እንሰቅለዋለን፣ ኢሶቤል።"

"የትኛውን፣ ጌታዬ?"

"ኳሱን ጉድጓድ የሚከትበትን።"

"እሱን አልሰጥም።"

"ቤቱ እኮ የክበቡ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እስከ ገና ትቆዪበታለሽ... ካልተጣላን።"

ሄጄ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ።

ሽታው ቀደመኝ...

ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ ሥጋ።

የዱላው እጀታ የተጠቀለለበት ቆዳ አብጧል። ነካሁት... ይሞቃል። ጣቴን ሳነሳ፣ የጎደጎደው ቦታ ቀስ ብሎ ሞላ።

እንደ ሰው ገላ።

"ጌታዬ... ይቅርብዎ። ይገማል።"

"ምንም አይሸተኝም።"

ዱላውን ከእጄ ነጠቀኝ። ጨመቅ አድርጎ ያዘው። በጣቶቹ መሐል ቡናማ ፈሳሽ እየወጣ ወለሌ ላይ ተንጠባጠበ። እሱ ያሻሸዋል።

"እንዴት ይለሰልሳል..." አለ በሹክሹክታ።

ከዚያ በዚያው እጁ ጠረጴዛው ላይ ካለው ብስኩት አነሳ። በላ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ላሰ።

"ይተው" ልለው አፌን ከፈትኩ። ቤቱን አሰብኩና መልሼ ዘጋሁት።

እስከ ዛሬ የምጸየፈው እሱን ብቻ አይደለም።

አመስግኖኝ ወጣ። እኔ ባልዲ ውስጥ አስመለስኩ። አፌን ጠርጌ በመስኮት አየሁ።

ዱላውን እያወዛወዘ ሜዳውን ያቋርጣል።

ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ሣሩን እንዲግጡ ሜዳው ላይ የተለቀቁት በጎች መጋጥ አቁመዋል። አንድ ረድፍ ሠርተው ከኋላው ይከተሉታል... አንዱም ድምፅ አያሰማም።

እሱ የረገጠውን፣ ፈሳሹ የተንጠባጠበበትን ሣር፣ እርምጃ በእርምጃ፣ ጎንበስ እያሉ ይልሳሉ።