ፊቷን ያዞረችው ሴት

ሰዓሊው ሄኖክ ጀጎል ውስጥ በተከራየው ቤት፣ ቀለም በሚወቅጥበት የብረት ዘነዘና ጭንቅላቱ ተፈርክሶ ተገኘ። ደሙ የግድግዳውን ኖራ እስከ ጣሪያው አልብሶታል። ቀይ በተቀባው መደብ ላይ ግን ስለማይለይ አንድ ፖሊስ ሁለት ጊዜ ተቀምጦበታል።

ኢንስፔክተር በለጡ ከሬሳው ወደ ሸራው ዞረች። ጀርባዋን እስከ ወገቧ የገለጠች ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች፤ ቆዳዋ ቢነኩት የሚሞቅ ይመስላል። ጉልበቷ ላይ የነበረው የሥዕሉ ክፍል ግን በስለት ተቆርጦ ተወስዷል፤ የቀረው መዳፍ የሚያክል ቀዳዳ ነው።

ደጅ ላይ ድንጋይ የጨበጠ ሕዝብ የቤቱን ባለቤት፣ አዛውንቱን አው ሳኒን ከቧል። ትናንት «ይሄን እርቃን ካላወጣህ እገድልሃለሁ» ሲሉ ሰፈሩ ሰምቷቸዋል።

«ገደሉት?» አለች በለጡ።

«ወላሂ አልገደልኩም! የሚገድለው አፌ ነው፤ እጄማ ዶሮ ማረድ ከተወ ቆየ።»

የሟች ሚስት ዮዲ ኢንስፔክተሯን ወደ ጓዳ ሳበቻት። «የተሳልኩት እኔ ነኝ። ለራሳችን ብለን ነበር፤ እባክዎ ለሰው አይንገሩብኝ።»

«ጉልበትሽ ላይ ምን ነበር?»

«ጉፍታ፤ ያገቡ የሐረር ሴቶች ጸጉራቸውን የሚሰበስቡበት መረብ። ከጎረቤቴ ከናፊያ ተውሼ ነው። ትናንት ከሰዓት ስሎት ሳይደርቅ ሸዋ በር ገበያ ሄድኩ። ስመለስ…»

በለጡ የናፊያን ባል፣ አናጢውን አብዱልፈታን አስጠራችው።

«ሥዕሉን ከዚህ በፊት አይተኸዋል?»

«አስተግፊሩላህ! ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

«ምን ይታይሃል?»

«ምን ይታያል! ጉፍታዋን አውልቃ ባዕድ ወንድ ፊት የተቀመጠች ባለትዳር!»

በለጡ ናፊያን ጨምሮ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እርቃኑ ያናደደው ሰው ቢሆን የሴቲቱን ጀርባ ይቦጫጭቅ ነበር። ጀርባው አልተነካም። ገዳዩ የፈራው ጉልበቷ ላይ ያለው ዕቃ እንዳይታወቅ ነው። አሁን እዚያ ያለው ቀዳዳ ብቻ ነው። አብዱልፈታ፣ ሥዕሉን ዛሬ ገና ካየኸው፣ ጉፍታውን የት አየኸው?»

አብዱልፈታ ከወገቡ መሮ መዞ ወደ ሚስቱ ተወረወረ። ሁለት ፖሊሶች መሬት ላይ ሲደፉት ክንዱ ቀጭ አለ፤ ከኪሱም የተጨማደደ የሸራ ቁራጭ ወደቀ።

«የጉፍታውን ጠርዝ በብርቱካንማ ክር የጠለፈችው እሷ ናት!» ጮኸ፣ አፈር እየተፋ። «ሰው እንዳያውቅብኝ ቆረጥኩት!»

«ሥዕሉ የናፊያ አይደለም» አለች በለጡ።

«ታዲያ የማን ነው?» አለ አብዱልፈታ።

በለጡ የዮዲን ልመና አስባ የሸራውን ቁራጭ ከመሬት አነሳች። ሕዝቡ ድንጋዩን አልጣለም፤ ዓይኑ አሁን ወደ ናፊያ ዞሯል። ዮዲ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ፊት ወጣች።

«የኔ ነው። ጀርባው የኔ ነው።»

ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ወደቁ። ናፊያ ባሏ አጠገብ ተንበርክካ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጉፍታዬን ለየኸው። ዘጠኝ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ፣ ጀርባዬን አታውቀውም?»